የባሩድ ልክ፦ ጥይት በእጅ የመሙላት ታሪክ ከመቅደላና ከአምባሰል እስከ ዛሬ

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ያላየው የጠመንጃ ዓይነት ጥቂት ነው። ነፍጡ፣ ሰናድሩ፣ ሬሚንግተኑ፣ ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ለበኑ፣ ማውዘሩ፣ በኋላም ክላሽንኮቩ፣ ሁሉም በየዘመኑ በዚህ ምድር ወጥተዋል፣ ወርደዋል። ስለ ጠመንጃዎቹና ስለያዟቸው ጀግኖች ብዙ ተጽፏል። ስለ ጥይቱ የተነገረው ግን ትንሽ ነው።

ጠመንጃ አንዴ ከተገኘ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ያልቃል። በዚህ ምክንያት ባዶ ቀለህ ለቅሞ፣ ባሩድ ሞልቶ፣ አረር ገጥሞ እንደገና ማጉረስ ለብዙ ባለጠመንጃ የግድ ሆኖ ኖሯል። ሥራው ከብልሃት ይልቅ የሚፈልገው ልክን ነው። ምን ዓይነት ባሩድ? ስንት? ከየትኛው አረር ጋር? ልኩ ካነሰ ጥይቱ ይከሽፋል፤ ከበዛ ጠመንጃው ፈንድቶ ተኳሹን ይጎዳል። ልኩን የሚያውቀው ማን ነው፣ ቃሉስ በምን ይታመናል የሚለው ጥያቄ ከወሎ ተራሮች እስከ አውሮፓ ላቦራቶሪዎች ድረስ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው።

ከ1520ዎቹ እስከ 1847 ዓ.ም፦ ልክ በእጅ የነበረበት ዘመን

የባሩድ መሣሪያ ድምፅ በዚህ አካባቢ በሰፊው የተሰማው በ1520ዎቹ ነው። የኢማም አሕመድ ዘመቻ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ደረሰ፤ አምባሰል ውስጥ ያለውን አምባ ግሸንንም ተፈታተነ። የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ እንደተረከው ኢማሙ ከባሕር ማዶ የመጡ ነፍጠኞችና መድፎች ነበሯቸው። በ1533 ዓ.ም ደግሞ በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኞች ከኢትዮጵያው ንጉሥ ወገን ሊሰለፉ መጡ።

በዚያ ዘመን ጥይት የሚባል አንድ ወጥ ነገር አልነበረም። ባሩዱ ለብቻው፣ የእርሳሱ አረር ለብቻው፣ እሳቱም ለብቻው ነው። ተኳሹ ባሩዱን በአፈሙዙ አፍስሶ፣ አረሩን ጠቅጥቆ፣ በክብሪት ገመድ ይለኩሳል። ስለዚህ ልኩን በእያንዳንዱ ተኩስ የሚወስነው ራሱ ተኳሹ ነበር። መለኪያውም ቀንድ ወይም የባሩድ ቀፎ ነው። ባሩዱ በአገር ውስጥ ከከሰል፣ ከድኝና ከአፈር ከሚለቀም ነጭ ጨው ይሠራል፤ የአንዱ ሠሪ ባሩድ ከሌላው ጋር በጉልበቱ እኩል አይሆንም። አንድ ተኳሽ ከሚያውቀው ሠሪ የገዛውን ባሩድ በሚያውቀው ቀንድ ይሰፍራል። ሠሪው ሲቀየር የቀንዱ ልክም ዋጋ ያጣል።

ጠመንጃ እየበዛ የሄደው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1833 ዓ.ም ገደማ በካፒቴን ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክት ለሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ ይዞ መጣ። መሣሪያው እንዲህ በስጦታ ይገባል፤ የባሩዱ ልክ ግን የሚገኘው በልምድ ብቻ ነበር። ልምዱም ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጌታ ወደ አሽከር እንጂ በጽሑፍ አልተላለፈም።

ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም፦ ጋፋትና የመቅደላው መድፍ

ዐፄ ቴዎድሮስ ጠመንጃ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ አልፈለጉም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከነዚህ መካከል ትልቁ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም ሠራዊታቸውን ይዘው ገደሉን እየቆፈሩ፣ መንገዱን እየጠረጉ መድፎቻቸውን መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ የጄኔራል ናፒዬር ጦር ከመቅደላ ሥር እሮጌ ሜዳ ላይ ደረሰ። የንጉሡ መድፎች ፋህላ ከሚባለው ኮረብታ ላይ ተኮሱ። ያኔ መቅደላ ላይ ታስሮ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ በንጉሡ ስም የተጠራው ትልቅ መድፍ ወዲያው መፈንዳቱን ይገልጻል። ምክንያቱ ቀላል ነበር። በጥድፊያ መካከል አጉራሾቹ በስሕተት የሁለት ጊዜ ባሩድ ጠቅጥቀውበታል።

ይህ አደጋ ከ150 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ዛሬ በዓለም ላይ ጥይት በእጅ የሚሞሉ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ስሕተት ይኸው ነው። መድፉን ለመሥራት የወጣው ዕውቀት፣ እሱን ለመጎተት የፈሰሰው የሺዎች ላብ፣ ሁሉም አንድ የባሩድ ልክ ሳይቆጠር በመቅረቱ ባከነ። የጋፋት ሰዎች መድፍ ማቅለጥ ችለው ነበር። የጎደለው መድፉ የሚችለውን የባሩድ መጠን የሚወስንና እያንዳንዱን ጉርሻ የሚቆጥር ሥርዓት ነው።

ከታች የቆመው ጦር ይህ ሥርዓት ነበረው። በአራተኛው የእንግሊዝ እግረኛ ክፍለ ጦር እጅ የነበረው ሰናድር ጥይቱን ከኋላ የሚጎርስ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጥይት ዉሊች ባለው የመንግሥት ፋብሪካ ተሞልቶ፣ ተፈትሾ፣ በሳጥን ታሽጎ የመጣ ነው። ኮሎኔል ቦክሰር የነደፈው ቀለህ 4.5 ግራም ያህል ባሩድና 31 ግራም ያህል የሚመዝን የእርሳስ አረር ይይዛል። ወታደሩ ይህን ቁጥር ማወቅ አላስፈለገውም፤ ሌላ ሰው መዝኖ ጨርሶለታል። በዚያ ቀን ከንጉሡ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፣ ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው 20 ሰው ብቻ ነበር።

ከ1860 እስከ 1881 ዓ.ም፦ ቀለሁ ራሱ መለኪያ ሲሆን

ከመቅደላ በኋላ የኢትዮጵያ መሣፍንት ሁሉ ዓይን ከኋላ በሚጎርሰው ጠመንጃ ላይ አረፈ። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲያሸንፉ ብዙ ሺህ ሬሚንግተን ተማረከ። ምኒልክ በበኩላቸው ከታጁራና ከዘይላ በሚመጡ ነጋዴዎች በኩል ይገዙ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም ከደረሱት መካከል ገጣሚው አርቱር ሬምቦ ይገኝበታል።

አዲሱ መሣሪያ ከጠመንጃው ጋር ቀለህን ይዞ መጣ። ቀለህ ከናስ የተሠራ፣ ከታች መቺው መርፌ የሚመታው ካፕሱል የተገጠመለት፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ የሚይዝ ዕቃ ነው። ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ካፕሱሉ ይሞታል፤ ናሱ ግን ይቀራል። ጥይት ውድና ብርቅ በሆነበት አገር ይህን ናስ መጣል የሚታሰብ አልነበረም። ሙሉው ጥይት በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ ባዶው ቀለህም ዋጋ ነበረው። ቀጥቃጩና አንጥረኛው እርሳስ አቅልጦ አረር ያፈሳል፤ የተጨፈለቀውን የቀለህ አፍ ያቃናል፤ የአገር ውስጥ ባሩድ ይሞላል።

ይህን ሥራ ያስቻለው የጥቁር ባሩድ ጠባይ ነው። ጥቁር ባሩድ በቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ሳይተው ሊሞላ ይገባዋል። የቀለሁ ሆድ የተለካው ደግሞ ከመነሻው ለዚያው ባሩድ ነው። የፈረንሳዩ ውጅግራ 5.25 ግራም ባሩድና 25 ግራም አረር ይይዛል፤ ቀለሁን እስከ አረሩ መቀመጫ የሞላ ሰው ሚዛን ባይኖረውም ከልኩ ብዙ አይርቅም። ፋብሪካው ልኩን በወረቀት ባይልክም በናሱ ቅርጽ ልኮታል ማለት ይቻላል። የአገሬው ባሩድ ደከም ያለ ከሆነ አረሩ ቅርብ ይወድቃል እንጂ ጠመንጃው አይፈነዳም።

ክፉው ነገር የዓይነቱ መብዛት ነበር። የሬሚንግተን ቀለህ ለውጅግራ አይሆንም፤ የሰናድር አረር ለሬሚንግተን አይገጥምም። አንድ ጦር ውስጥ አምስትና ስድስት ዓይነት ጠመንጃ ሲሰለፍ፣ ለያንዳንዱ የራሱን አረርና የራሱን ቀለህ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከ1881 እስከ 1888 ዓ.ም፦ ይስማ ንጉሥ፣ ወረኢሉ፣ ዓድዋ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ፣ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ውሉ በ17ኛው አንቀጹ ይታወቃል። ከጀርባው ግን የመሣሪያ ጉዳይ ነበር። ኢጣልያ ቀደም ብላ 5,000 ሬሚንግተን ለምኒልክ ለመስጠት ተስማምታ ነበር። ውሉን ተከትሎ የመጣው የአራት ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ለመሣሪያ መግዣ በር ከፈተ።

ውሉ መፍረስ ሲጀምርም ኢጣልያ ጥይትን እንደ ማባበያ ተጠቀመችበት። በ1885 ዓ.ም ዶክተር ትራቬርሲ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጥይት ይዞ ወደ ሸዋ መጣ። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ ውሉን ግን በዚያው ዓመት ሰረዙት። ለዓድዋ በቂ ጥይት የማግኘቱ ጉዳይ የተፈታው ከሞላ ጎደል እንዲህ፣ ከፋብሪካ ተሞልቶ በመጣ ጥይት ነው። በእጅ የሚሞላው የሚያግዝ እንጂ ጦር የሚያዘምት አልነበረም።

በ1888 ዓ.ም መስከረም የክተት አዋጁ ሲታወጅ የሸዋና የአካባቢው ሠራዊት ጥቅምት ላይ ወረኢሉ እንዲገናኝ ታዘዘ። ከዚያ በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ዘመተ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ድሉ ሲገኝ የተማረከው የኢጣልያ ቬተርሊ ጠመንጃና ጥይት ለአገሩ ሰው አዲስ ነገር ይዞ ነበር። የቬተርሊ ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ በጭስ የለሽ ባሩድ ይሞላ ነበር፤ ቀለሁ ግን ያው የጥቁሩ ባሩድ ቀለህ ነው። ሁለት ቀለህ ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ጉልበት ግን ለየቅል ነው።

ከ1888 እስከ 1927 ዓ.ም፦ ጭሱ ሲጠፋ ልኩም ጠፋ

የዚህ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ የተደረገው ፓሪስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ኬሚስቱ ፖል ቪዬይ ጭስ የለሽ ባሩድ ሠራ። በሁለት ዓመት ውስጥ ፈረንሳይ ለዚሁ ባሩድ የተዘጋጀውን ለበን አወጣች። ለበን 15 ግራም የሚመዝን አረሩን ለመላክ የሚያስፈልገው 2.75 ግራም ባሩድ ብቻ ነበር፤ ይህም የውጅግራው እኩሌታ ያህል ነው። አረሩ ግን ከውጅግራው እጅግ ይፈጥናል።

ለፋብሪካ ይህ እድገት ነው። በእጁ ለሚሞላው አንጥረኛ ግን የአባቱ ዕውቀት የከዳው በዚህ ጊዜ ነው። ጭስ የለሽ ባሩድ ብዙ ዓይነት አለው፤ አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይነዳል። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ ግራጫ ቅንጣቶች ናቸው። ቀለሁን እስኪሞላ ማፍሰስ ከእንግዲህ ልክ አይደለም፤ ፈጣኑ ዓይነት በዚያ መጠን ቢሞላ ጠመንጃውን ይበታትነዋል። አንዳንድ ጊዜም ትክክለኛው ልክ ከቀለሁ ግማሽ ስለማይበልጥ፣ ለመቅደላው መድፍ የደረሰው እጥፍ ጉርሻ በትንሿ ቀለህ ውስጥ ሳይታወቅ ሊደገም ይችላል።

ስለዚህ ልኩን ከቀለሁ ቅርጽ ማንበብ ቀረና ከመሣሪያ ሙከራ መገኘት ጀመረ። የሙከራው ዘዴ አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። እንግሊዛዊው አንድሩ ኖብል በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሠራው መለኪያ፣ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይበሳና ትንሽ የመዳብ ሲሊንደር ከፒስተን ጀርባ ትቀመጣለች። ሲተኮስ ጋዙ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ መዳቧን ይጨፈልቃል። ከተኩሱ በፊትና በኋላ ያለው የመዳቧ ቁመት ሲለካ፣ በጠመንጃው ውስጥ የነበረው ግፊት ይታወቃል። ኖብልና ኬሚስቱ ፍሬድሪክ ኤብል ይህን ይዘው ያሳተሙት ጥናት የተተኮሰ ባሩድን ጠባይ በቁጥር አስቀመጠው።

ቁጥሩ ለተራው ሰው እንዲደርስ ያደረጉት ደግሞ የአሜሪካ መሣሪያ ሠሪዎች ናቸው። በጆን ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1884 የተመሠረተው አይዲያል ኩባንያ የጥይት መሙያ ዕቃዎቹን ከሠንጠረዥ መጽሐፍ ጋር ይሸጥ ጀመር። ላይማን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 አይዲያልን ገዝቶ መጽሐፉን ቀጠለበት። በአውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1914 በቤልጂግ ከተማ ሊዬዥ ሲ.አይ.ፒ. የተባለው የጠመንጃ ፍተሻ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1926 ሳሚ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ተመሠረተ። እያንዳንዱ የጥይት ዓይነት ሊያልፈው የማይገባውን ግፊት በቁጥር የሚደነግጉት እነዚህ ሁለቱ ሆኑ።

በነዚያው ዓመታት ከሊዬዥ አጠገብ ያለው የኤፍ.ኤን. ፋብሪካ ማውዘር ለኢትዮጵያ ይሸጥ ነበር። ጠመንጃው ወደ ወሎ መጣ፤ የግፊት ሠንጠረዡ ግን እዚያው ቀረ። የጦር መሣሪያ ንግድን የሚገድቡት የውጭ ስምምነቶች፣ ከ1890ው (እ.ኤ.አ.) የብራሰልስ ውል ጀምሮ፣ የሚቆጥሩት ጠመንጃና ጥይትን እንጂ ዕውቀትን አልነበረም። ዕውቀቱ የቀረው ላኪውም ተቀባዩም አስፈላጊነቱን ስላላሰቡበት ይመስላል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፦ ደሴ፣ ማይጨው፣ አርበኝነት

በ1928 ዓ.ም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ሰሜን የተንቀሳቀሰው ሠራዊት የያዘው መሣሪያ የአርባ ዓመት ግዢና ምርኮ ድምር ነበር። ከአዲስ ማውዘር አጠገብ የዓድዋ ዘመን ውጅግራ ይሰለፋል። እንግሊዝና ፈረንሳይ በዋዜማው መሣሪያ አንሸጥም ማለታቸው ችግሩን አባባሰው። በምስጢር 10,000 ማውዘርና 10 ሚሊዮን ያህል ጥይት የላከችው የናዚዋ ጀርመን ናት።

እንዲህ ባለ ጦር ውስጥ የጥይት እደላ ራሱ ትግል ነው። ሳጥኑ ቢደርስም የያዘው ጥይት ከተቀባዩ ጠመንጃ ጋር ላይገጥም ይችላል። አሮጌው ውጅግራ በእጅ ይሞላ ይሆናል፤ ማውዘሩ ግን ፋብሪካ ይፈልጋል። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ከደረሰው ሽንፈት በኋላ አርበኞች ዋና ግምጃ ቤታቸው ያደረጉት የጠላትን ዝናር ነው። በተለይ የኢጣልያውን ጠመንጃ የማረከ አርበኛ፣ ተስማሚ ጥይቱን የሚያገኘው ከሚዋጋው ጠላት ነበር።

ከ1934 ዓ.ም እስከ ዛሬ፦ የታመነ ቁጥር ምን ይመስላል?

ከነጻነት በኋላ የመንግሥት ጦር መሣሪያ ወደ አንድ ዓይነት እየተጠጋ ሄደ፤ መጀመሪያ በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ ከ1969 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ። በምዕራብ ሸዋ አምቦ አቅራቢያ የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ተተከለ። የክላሽንኮቭ ጥይት ቀለህ ብዙውን ጊዜ ከብረት የሚሠራና ካፕሱሉም በቀላሉ የማይወጣ በመሆኑ፣ እንደ ናሱ ቀለህ ለቅሞ መሙላት አይመችም። የቀለህ ሙያ በገጠር የከሰመው ከሕግ ይልቅ በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በሌላው ዓለም ሙያው በተቃራኒው አደገ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሩስ ሆጅደን የተባለ አሜሪካዊ ከመንግሥት የተረፈ ባሩድ እየገዛ ለግለሰቦች ሸጠ። ዛሬ ባሩድ አምራቾችና አረር አምራቾች በየጊዜው የተፈተሸ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። የተሻለ የሚባለው ሠንጠረዥ የተሟላ ነው፦ የባሩዱን ስም፣ የአረሩን ክብደትና ዓይነት፣ የቀለሁንና የካፕሱሉን አምራች፣ የሙከራውን በርሜል ርዝመት፣ የተለካውን ግፊት፣ መነሻውንና ጣሪያውን ልክ ይናገራል። ከነዚህ አንዱ ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል። በአይ.ኤም.አር. እና በሆጅደን ስም የሚሸጡ ሁለት ባሩዶች 4895 የሚል አንድ ቁጥር ይይዛሉ፤ ልካቸው ግን አንድ አይደለም፣ የአንዱን ሠንጠረዥ ለሌላው መጠቀምም አይፈቀድም። ጥንቁቅ ሰው ቁጥሩን ከሁለት ነጻ ምንጮች ያመሳክራል፣ የቅርቡን እትም ይይዛል፣ ከመነሻው ልክ ይጀምራል። የለካው ሰውና የተለካበት መሣሪያ የማይታወቅ ቁጥር፣ የጓደኛ ምክርም ቢሆን፣ ሠንጠረዥን አይተካም።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያንና ጥይትን በፈቃድ ሥር አድርጓል። በ2014 ዓ.ም ጦርነት በሐይቅና በውጫሌ በኩል ካለፈ በኋላ ደግሞ በማሳና በመንገድ ዳር የሚገኝ ያልተተኮሰ ጥይት ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ውስጡ ያለው ባሩድ ዕድሜው፣ እርጥበቱና ዓይነቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሳይነኩ ለጸጥታ አካላት ማሳወቅ ይገባል።

ያረጀው ባዶ ናስ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሳል። በመቀመጫው ላይ የተቀረጸው የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ጥይቱ ከየት፣ መቼ እንደመጣ ይመሰክራል። በአካባቢው ቀጥቃጮች የተሞላ ከሆነ ደግሞ ተቃንቶ የነበረው አፉና በእጅ የፈሰሰው አረር ያንን ሙያ ያሳያሉ። በዚያው በ2014 ዓ.ም የደሴ ሙዚየም ዘረፋ ደርሶበታል፤ የተረፈውንና በየቤቱ ያለውን መመዝገብ አሁን የሚቻል ሥራ ነው። እያንዳንዱን ቀለህ መመዘን፣ ምልክቱን ማንሳት፣ የተገኘበትን ቀበሌ መጻፍ፣ የባሩድና የአረር አሠራርን ከአባቶቻቸው የሰሙ የአምባሰልና የሐይቅ አዛውንቶችን ቃል መቅዳት ያስፈልጋል። የጋፋትም ሆነ የወሎ ባለሙያዎች ያልጻፉት ልክ በከፊል እንኳ ሊታወቅ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።